ከወንበሩ ሥር ያለው ብየዳ

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ዛሬ ከሚጢ ጋር መኪና ልናይ ወጣን። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ እኔ ግን አሁንም ሚጢ ነው የምላት። መነጽር ቤት ሌንስ ትሞርዳለች። ሳምንቱን ሙሉ ከፀጉር የቀጠነ ነገር ስትለካ ትከርምና ቅዳሜ ሲመጣ መብረር ያምራታል። እናቷ "ባንተ ወጥታ ነው" ትላለች። እኔ ደግሞ መች በረርኩ?

ከከተማ ወጣ ብሎ አውሮፕላን ማረፍ ያቆመበት ሜዳ አለ። አንድ የወጣቶች ቡድን በወር አንድ ቅዳሜ ይከራየዋል። ውድድር አይደለም ትላለች። ሰው በየተራ በመኪናው ብቻውን ይዞራል፣ ሰዓት ይያዝለታል፣ ሻይ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

"ሻይ ለመጠጣት ሄልሜት ምን ያደርጋል?" አልኳት።

"አባዬ ደግሞ!"

የምትፈልጋት መኪና ርካሽ፣ ቀላል፣ በእጅ ማርሽ የምትሄድ፣ የኋላ ጎማዋ የሚገፋት፣ መለዋወጫዋ የትም የሚገኝ መሆን አለባት። ከተገዛች በኋላ ወንበሩንና ምንጣፉን አውጥታ ባዶ ቀፎ ታደርጋታለች። ሞላና አሞርዛተር ትቀይራለች። ውስጧ ደግሞ የብረት አጥር ይበየዳል፣ ብትገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈልቃት። ይሄን ስትነግረኝ ፈገግ እያለች ነው። ሆድ ይፍጀው።

የመጀመሪያዋ ነጭ ነበረች። ባለቤቱ "አንድም ቀን ተነክታ አታውቅም፣ ሎሚ ናት" ብሎ ማለልኝ። በሩን በጣቴ አንኳኳሁት። ኳ... ኳ... ዱብ። ዱብ ያለው ጉድጓድ የሚሞላበት ስቱኮ ነው፣ ከሥሩ የተጎዳ ላሜራ አለ።

"ወንድሜ፣ ይህቺ ሎሚ ተጨምቃለች።"

ሚጢ እስክንርቅ ድረስ ሳቋን አፍና ከዚያ ፈነዳች። ለቡድኑ ልጆች ሁሉ "የአባዬ እጅ አይዋሽም" ብላ አውርታልኛለች። ደስ አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሳቀና የኖርኩ ባቲላሜራ ነኝ፣ ለምን አይለኝ?

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ሁለተኛዋ ቀይ። ሞተሯ ሸጋ፣ ውስጧ ሽቶ ሽቶ ይላል። መኪና ሽቶ ከሸተተኝ አላምናትም። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትቼ አወጣሁት። ጫፉ ላይ የደረቀ ጭቃ... ጎርፍ ውስጥ ገብታ የወጣች ናት።

"ቀበቶ የሚታጠብ አይመስላቸውም" አልኳት። በማስታወሻዋ ጻፈችው።

እሑድ፣ የካቲት 10

አገኘናት!

ጥቁር አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት በር፣ ትንሽ። ባለቤቷ አዋላጅ ነርስ ናት። ልጆቿ ስላደጉ ትልቅ መኪና ልትገዛ ነው። ሴትየዋ ማሞካሸት አታውቅበትም። "ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ሌላ ምን ልበልዎት?" አለችኝ። ወደድኳት።

ሞተሩን የሚጢ ጓደኛ መካኒኩ አየው፣ ደህና ነው። አካሏን እኔ። በሮቿን፣ ጣሪያዋን፣ ጎኗን በመዳፌ ዳሰስኩ። አንኳኳሁ። የበሮቿን ክፍተት በዓይኔ ለካሁ። ምንም የለም። ከፊት እስከ ኋላ አንድ ወጥ።

መጀመሪያ ይሄን ዓይነት ሞዴል ሳይ ትንሽ አመንትቼ ነበር። ድሮ ሠርቻቸዋለሁ... ግን ስንት ሺህ አሉ? ያኔ የሠራኋቸው ደግሞ ነጭ ነበሩ። ከማን እንደገዛቻት ልጠይቃት አስቤ ተውኩት።

ሚጢ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

"ንጹሕ ናት፣ ውሰጃት" አልኳት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ዋጋዋን ከፍላ ራሷ እየነዳች ጋራዤ ድረስ አመጣቻት። ከመኪናው ወርዳ አቀፈችኝ፣ የዘይት ልብሴን ሳትጠየፍ። መጋቢት 14 ሜዳው ይከፈታል። አንድ ወር አለን።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ዛሬ ያየሁትን ልጻፈው።

ሚጢ ሥራ ላይ ናት። እስክትመጣ ላስደንቃት ብዬ ወንበሮቹን ፈታሁ። ምንጣፉን ገፈፍኩ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ከወለሉ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አንድ መስመር አለ። ብየዳ ነው። በላዩ ላይ ጥቁር ማሸጊያ ተለብጧል። ማሸጊያው ገና ሳይደርቅ በአውራ ጣት ተስተካክሏል። የጣቱ ዱካ መሃሉ ላይ ጠባሳ አለው።

የኔ ነው። በሃያ ዓመቴ ላሜራ የሰነጠቀው የኔው አውራ ጣት ነው።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሽቅርቅሩ የምንለው የመኪና ነጋዴ ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች አመጣልኝ። አንደኛዋ ፊቷ የተደረመሰ፣ ሌላዋ ኋላዋ የተጨፈለቀ። ሁለቱንም ወገባቸው ላይ ቆረጥኳቸው። የአንዷን ደህና ፊት ከሌላዋ ደህና ኋላ ጋር በየድኩ። ቀለም ቀባሁ። እሱ "ግጭት አታውቅም" ብሎ ሸጣት። እንዲህ እያደረግን ሦስት ሠራን። ይህቺ ከሦስቱ አንዷ ናት። ቀለሟን የሆነ ሰው ቀይሮታል እንጂ እሷው ናት።

እጄ ያልያዛት ለካ የራሱ ሥራ ስለሆነች ነው።

መንገድ ላይ ቀስ ብላ ስትሄድ አሥራ አንድ ዓመት ቻለች። ሜዳው ላይ ግን... በፍጥነት መታጠፍ አለ፣ ድንገት ፍሬን መያዝ አለ። ወገቧ ላይ ብትበጠስስ? ሚጢ የምትቀመጠው ልክ መስመሩ ላይ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 15

ምንጣፉን መልሼ አነጠፍኩት። ፈሪ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ሚጢ ገና ከመግባቷ "ምንጣፉስ? ለምን አልወጣም?" አለች።

"ሚጢ፣ ይህቺ መኪና ይቅርብሽ" አልኳት።

"ለምን?"

"አሮጌ ናት።"

"አሮጌ አይደል እንዴ የፈለግነው?"

"ልቤ አልወደዳትም።"

"እጅህ ወዷታል እኮ! ልብህ ከመቼ ወዲህ ነው መኪና የሚመረምረው?"

ያረጀሁ መሰላት መሰለኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ። ምንጣፉን በኋላ እኔ አወጣዋለሁ ብዬ አስተውኳት።

ለምን ሠራኋቸው? ቸግሮኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት። ሥራ ሞልቶኝ ነበር። እውነቱ ደስ ብሎኝ ነው የሠራኋቸው። ሁለት ብረት አንድ ሆኖ መጋጠሚያው በሰው ዓይን ሲጠፋ... የመጀመሪያዋን የጨረስኩ ዕለት ሽቅርቅሩን "ፈልገህ አግኘው" አልኩት። በእንብርክኩ ዞራት። አጣው። እኔ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። የሚቀመጥባት ሰው ትዝም አላለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

መላ አገኘሁ። ከወለሉ በታች በኩል ወፍራም ብረት እደርብላታለሁ። ከዚያ ላይ የብረት አጥሩ ሲጨመር ጥርቅም አድርጎ ይይዛታል። ከመጀመሪያውም ትጠነክራለች። ማንም ማወቅ የለበትም።

ዛሬ ሁለት ብረት በየድኩ። መንፈሴ ትንሽ ተረጋጋ። ወይስ መረጋጋት ፈልጌ ነው?

እሑድ፣ የካቲት 24

ተጣላን። ሚጢ መኪናዋን ሚዛን ላይ አውጥታት ነበር።

"አባዬ፣ ወንበር አውጥተን እንዴት ክብደቷ ጨመረ?"

"አጠናከርኳት።"

"ማን አጠናክር አለህ? እኔ እያንዳንዱን ብሎን እየመዘንኩ አንተ ሐዲድ ትበይዳለህ?"

"ለደህንነትሽ ነው።"

"ከምን?"

ጥሩ ጥያቄ ነበር። "ከፍጥነት" አልኳት። በሩን ወርውራ ሄደች። እኔ ደግሞ ተቆጣሁ፣ የሚገርመው። ውስጤ እያወቀ እሷን ምስጋና ቢስ አልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

ሚጢ ታረቀችኝ። ጎማ ልትቀይር በአንድ ጎን ክሪክ አስገባች። ከፍ አደረገቻት። ከውስጥ የረሳችውን ጓንት አውጥታ በሩን ልትዘጋ... አልገጠመም። የጣት ውፍረት ያህል ወረደ።

መኪና በክሪክ ስትነሣ በሯ ካልገጠመ ወገቧ እየተጠመዘዘ ነው። ይሄንን ሙያውን የጀመረ ሁሉ ያውቀዋል። የደረብኩት ብረት ምንም አልጠቀመም ማለት ነው።

"አባዬ፣ ይሄ በር ምን ሆኖ ነው?"

ቀና ብላ አየችኝ። ስታየኝ ጥርጣሬ የለባትም፣ ለመማር እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያየችኝ።

"ማጠፊያው አርጅቷል፣ ሌላ እገዛልሻለሁ" አልኳት።

"እሺ" አለች። እሺ! በቃ አመነችኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ለእናቷ ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፣ ማጠፏን አላቆመችም። ስጨርስ ሸሚዜን ከፊቷ አስቀመጠች።

"ልጄ እዚያ ላይ ልትቀመጥ ነው?"

"አላስቀምጣትም።"

"በምን ትከለክላታለህ? በማጠፊያ?"

ሸሚዜን መልሳ አነሣችው።

"ከቅዳሜው ቀን በፊት ትነግራታለህ። አለበለዚያ እኔው እነግራታለሁ። ከኔ ከሰማችው ግን አንተ አለቀልህ።"

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ቀዝቅዛ ተናግራኝ አታውቅም። ብትጮህብኝ በወደድኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ዛሬ ልነግራት ነበር። አዲሱን ሄልሜት ገዝታ መጣች። አድርጋው መስታወት ፊት ቆመች። አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ነገርኳት።

ጋራዡን ዘጋሁ። ለመንዳት መልሰን የገጠምነውን የሾፌር ወንበር አወጣሁ። "ነይ፣ ምንጣፉን አንሺው" አልኳት። አነሣችው። ተንበርክካ መስመሩን በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው። የሙያዋ ነገር ሆኖ መጀመሪያ ያየችው ቀጥታነቱን ነው።

"እንዴት ቀጥ ያለ ነው! ማን ነው የሠራው?"

"እኔ።"

ሳቀች። ቀልድ መሰላት። አውራ ጣቴን ዘረጋሁላት። ጣቴን አየች፣ ወለሉን አየች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ሁሉንም አወራሁ፣ ሽቅርቅሩን፣ ሦስቱን፣ ኩራቴን ሳይቀር። አላቋረጠችኝም።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ምንጣፉን ያነሣሁ ዕለት። የካቲት አሥራ አራት።"

ቀኖቹን በጣቶቿ ቆጠረች።

"በሩን ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"የድሮውን ተወው" አለች። "ያኔ ማን እንደሚቀመጥባት አታውቅም። በሩን ስጠይቅህ ግን እዚህ ነው የቆምኩት። ፊትህ።"

ምንጣፉን መልሳ ጣለችው።

"ሌሎቹ ሁለቱ የት ናቸው?"

"እንጃ።"

"እንጃ?" አለች። ይህቺን ቃል እንደዚያ ስትባል ሰምቼ አላውቅም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ሜዳው ዛሬ ነበር። ሚጢ ቤት ዋለች። እኔም።

እሑድ፣ መጋቢት 15

አዋላጇ ዘንድ ሄድን። ሚጢ ናት ያለችው። "የመኪናው ዋጋ የኔና ያንተ ጉዳይ ነው፣ እሷ ግን ማወቅ አለባት" አለችኝ። ሂሳቡን ትናንት ከመጠባበቂያዬ አውጥቼ ለሚጢ ሰጥቻታለሁ። አልቆጠረችውም።

ሴትየዋ ለሥራ ልትወጣ በር ላይ አገኘናት። ቆማ ሰማችኝ።

"ጋሼ... ሦስት ልጆች ነው በሷ ያሳደግኩት" አለች። ቀጥላ፣ "አንድ ጊዜ በዝናብ ተንሸራትቼ ከአጥር ጋር ተላትሜያለሁ። ከኋላ ነበሩ፣ ሦስቱም" አለች። ይሄን ስትል ወደ ውስጥ፣ ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳት።

"ለምን መጡ? ባይነግሩኝ አላውቅም ነበር።"

"ልጄ ማወቅ አለብዎት ብላ..."

"እርስዎስ?"

ዘግይቼ "እኔም" ስል እሷ ቦርሳዋን ይዛ ደረጃውን ወርዳለች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

መኪናዋን ቆረጥኳት። ሚጢ መጥታ ስቆርጥ አየች። የራሴን መስመር ተከትዬ ነው የቆረጥኩት። ከላይ ሲታይ ጤነኛ ብረት ነው። ከውስጥ ግን ውሃ ገብቶ ግማሹን በልቶታል። በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረፈረ።

ሚጢ አንድ ቁራጭ አንሥታ አገላበጠችው። "ስንት ዙር የምትችል ይመስልሃል?" አለችኝ።

"እንጃ... ሁለት። ሦስት።"

ቁራጩን ኪሷ ከተተችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 26

ሽቅርቅሩን አገኘሁት። መኪና ትቶ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ይሸጣል። ሽበቱን ቀለም ተቀብቷል። "አንተ ሰውዬ፣ የሞተ ነገር ምን ያስቆፍርሃል?" ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ ያኔ እኔ የሳቅሁት ዓይነት ነው፣ ያ ነው የበላኝ። ለማንኛውም አንዷን ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ መሸጡ ትዝ አለው። ሦስተኛዋን ፈጽሞ አያስታውስም።

ጋጋሪው ዘንድ ሄድኩ። ከአራት ዓመት በፊት ለመለዋወጫ ተፈታታለች። ማንንም ሳትጎዳ። መንገድ ላይ ቆሜ እንደ ሞኝ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ሦስተኛዋ አልተገኘችም። በየጋራዡ ወረቀት ለጠፍኩ። የመኪናዋን ዓይነት ጻፍኩ። "ከፊት ወንበር ሥር ከጎን ወደ ጎን የተበየደ መስመር ካያችሁ መኪናዋን አታሽከርክሩ፣ ደውሉልኝ። የሠራሁት እኔ ነኝ።" ከሥሩ ስልኬንና የጋራዤን ስም።

ወረቀቱ ሰው አነበበ። ሁለት ደንበኞቼ መኪናቸውን መጥተው ወሰዱ። አንዱ ምክንያት ፈጠረ፣ አንዱ ምክንያት እንኳ አልፈጠረም። የጎረቤት ጋራዥ ባለቤት "ምን ነካህ፣ ራስህን በራስህ?" አለኝ። መንገድ ላይ ያን ሞዴል ባየሁ ቁጥር ሾፌሩን አስቆማለሁ። አብዛኛው እብድ ያደርገኛል። ስድስት ሰዎች ወንበራቸውን አንሥተው አሳይተውኛል። አንዳቸውም አይደሉም።

ሚጢ እራት ላይ "ዛሬስ?" አለችኝ። "አልተገኘችም" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። መኪናዋን ከቆረጥኳት ወዲህ ያወራችኝ ረጅሙ ነገር ይሄ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 19

ሚጢ ሌላ መኪና አግኝታለች። ብርማ፣ ባለ አራት በር፣ ከቀድሞዋ ትንሽ የምትከብድ። ልታስመረምራት ነው። ጠዋት "ትመጣለህ?" አለችኝ። ልቤ ዘለለ። ከዚያ ሌላ ባቲላሜራ እንደቀጠረች ነገረችኝ። ከወንዙ ማዶ የሚሠራ ጎልማሳ፣ ከፍላው ነው።

ሄድኩ። ሰውየው ጎበዝ ነው። ምንጣፉን ሳይቀር ገልጦ አየ፣ ሚጢ ናት ያዘዘችው። እኔ ባትሪ ይዤ አበራሁለት። "አባት የሙያው ሰው ነዎት እንዴ? ብርሃኑን የት እንደምፈልገው ያውቃሉ" አለኝ። ሚጢ ምን እንደምትል ጠበቅኩ። "ባቲላሜራ ነው" አለች። ነው አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ሰውየው እጁን ጠርጎ "ንጹሕ ናት" አለ።

እኔ ግን በስተቀኝ፣ ከፊት መብራቱ በታች ብሎኖቹ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት አይቻለሁ። ተፈቶ የገባ ነገር አለ። ልናገር? እኔ ማን ነኝና? ዝም ብልስ ደግሞ ያው አይደለሁም?

"ይህ ብሎን ተፈቶ ነበር" አልኩ።

ሚጢ ዞር ብላ አየችኝ። ረዘም አድርጋ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች። "እባክህ ድጋሚ እየው።"

ሰውየው ፈታው። ውስጡን ፈተሸ፣ ሻንሲውን ለካ። መብራቱ ብቻ ነው የተቀየረው፣ ብረቱ አልተነካም። "ልክ ናቸው፣ ተፈቷል። ግን ጉዳት የለም" አላት።

እሱ ይሄን ቃል እስኪናገር ድረስ ሚጢ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም፣ ወደኔም አላየችም። ሲጨርስ ራሷን ነቀነቀችና ገዛቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ነዳች፣ እኔ ከጎኗ።

"ብሎኑን ባትነግረኝ ኖሮ አላውቅም ነበር" አለች።

"አዎ" አልኩ።

"የሚቀጥለውንም ንገረኝ። ሌላ ሰው አስፈትሻለሁ። ግን ንገረኝ።"

"እሺ" አልኳት።